ከኋላ ያለው ሰውዬ

አባቴ ዕድሜ ልኩን አንድ ባላጋራ ብቻ ነበረው፤ እሱንም አንድ ቀን ዞሮ አይቶት አያውቅም። በጨረታው አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ወንበር ብዙ ረድፍ አልፎ፣ ከኋላ፣ ይቀመጣል የሚባል ሰው ነው። አባቴ «ከኋላ ያለው ሰውዬ» ይለዋል፤ እናቴ ደግሞ «ያ ሰውዬህ»። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወሬው በየምሳውና በየራቱ ስለሚነሣ ሰውየውን እንደ ሩቅ አጎት ቆጥሬው ነበር። አንድ ቀን በራችንን አንኳኩቶ ገብቶ ጉንጬን ይስመኛል ብዬም እጠብቅ ነበር።

ዛሬ ዕድሜዬ ያኔ ከነበረው ከአባቴ ዕድሜ አልፏል። ይህን ነገር ላወራ ስነሣ ቁጣ ሊቀድመኝ ይገባ ነበር፤ የሚቀድመኝ ግን ድካም ነው። ቁጣውን በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጨርሼዋለሁ መሰለኝ።

አባቴ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። ሥጋ ሻጩ፣ መድኃኒት ቀማሚው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ሚዛናቸው ማጋደል ሲጀምር ወደ እሱ ያመጡታል። ሱቁ ማለት ከተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች የፊተኛው ነው። መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ የነሐስ ክብደቶች፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ቀጫጭን ሽቦ የሚይዝበት ወረንጦ። ከጠረጴዛው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዎቻችንና ምድጃው። ዝናብ ሲመጣ ጣራው ያፈሳል። እናቴ ለውሃው ባልዲ ትደቅናለች፣ አባቴ ለሚዛኖቹ ላስቲክ ያለብሳል። እኔን የሚያለብስ ስለሌለ አልጋዬን ራሴ ወደ ግድግዳው እገፋለሁ።

እናቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩስ ነበር። ክንዶቿ ላይ የካውያ ጠርዝ ያስቀረው ጠባሳ ነበረባት፤ አንዳንዱ የቆየ፣ አንዳንዱ ትኩስ። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትቀመጥና ብዙ ጊዜ አትናገርም። እኔ ያኔ የተቆጣችን ይመስለኝ ነበር።

የሳንቲሙ ነገር የመጣው በሥራ በኩል ነው። አንድ ጡረተኛ ሚዛን አስጠግኖ መክፈል ቢያቅተው በገንዘቡ ፋንታ አንድ አሮጌ የብር ሳንቲም አስቀምጦ ሄደ። አባቴ ሳንቲሙን መዘነው። ክብደቱ አንዲት ፍሬ ሳይጎድል ልኩ ሆኖ ተገኘ። አባቴ ደግሞ ልኩ የሆነ ነገር ሲያገኝ ልቡን የሚጠብቅለት የለም፤ በዚያው ተያዘ። ጠይቆ ጠያይቆ ነገሩን ደረሰበት። ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ አንድ ንጉሥ በየዓመቱ መልኩን እያስቀረጸ ያወጣቸው ዘጠኝ ሳንቲሞች አሉ፤ የሱ ከእነሱ አንዱ ነው። በመጀመሪያው ላይ ንጉሡ ጢም የለውም። በመጨረሻው ላይ ጢሙ ደረቱ ይደርሳል። ዘጠኙን ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ሰው ከወጣትነት እስከ እርጅና ሲሄድ ያያል።

አባቴ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስምንቱን አገኘ። የጎደለው አምስተኛው ነው። በዚያ ዓመት ንጉሡ ታሞ ስለነበር የወጣው ሳንቲም ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ብዙው ቀልጧል ይባላል። እኔ «የበሽተኛው ሳንቲም» እለው ነበር። አባቴ በመጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ሲያሳየኝ ግን ንጉሡ ከሌሎቹ ሁሉ ወፍሮና ፊቱ አብርቶ ነበር።

«እንዴ አባዬ፣ አሞታል አላልከኝም?»

«ቀራጩ አንገት የለውም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ጨረታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ከአንድ የቤት ዕቃ መጋዘን በላይ ስለነበረ ሁልጊዜ ቫርኒሽና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። እናቴ ቅዳሜም ስለምትሠራ አባቴ እኔን ይዞኝ ይሄዳል። የመጀመሪያ ጊዜ ስንወጣ እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ማሚቱ፣ ቀኝ እጁን ያዢልኝ። እንዳትለቂው» አለችኝ። እኔም ያዝኩት። አባቴ በግራ እጁ እርሳስ አንሥቶ ተጫረተ። ቤት ስንገባ ለእናቴ ይህን በኩራት ነገርኳት፤ «ቀኙን አልለቀቅኩም!» እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ ጣራውን አየ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ ያየሁት ብዙ አይደለም፤ ለዚህ ይሆናል የማልረሳው።

አጫራቹን ሁሉም «ጉሮሮ» ይሉታል። ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ግን ከመጋዘኑ በታች እስካለው መንገድ ድረስ ይሰማል። ከፊት ረድፍ ነጭ ጓንት የሚያደርግ ነጋዴ አለ፤ እሱን «ባለጓንቱ» እንለዋለን። ሳንቲም በባዶ እጅ አይነካም፤ አንድ ዕቃ ዋጋው አልፎብኛል ብሎ ሲተወው የአንድ እጁን ጓንት ያወልቃል። ሁሉም ያን ጊዜ መተዉን ያውቃል።

በአዳራሹ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ሲጫረቱ ዞሮ ማየት ነውር ነው። «ዞሮ ያየ ተጫራች ኪሱን ገልብጦ አሳየ» ይላሉ። ዞሮ ማየት ፈርቻለሁ ማለት ነው፤ ገንዘቤ እያለቀ ነው፣ ማን ነው የሚያሯሩጠኝ ማለት ነው። ስለዚህ የቆዩት ደንበኞች ሁሉ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው አንገታቸውን አቅንተው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ዞሮ የሚያይ አዲስ ሰው ወይም ሕፃን ነው። እኔ ሕፃን ስለሆንኩ ወንበሬ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ አገጬን በመደገፊያው ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን ለጉሮሮ ሰጥቼ ከኋላ ያለውን ሁሉ አያለሁ። አባቴ የማየውን ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። በልጅ ዓይን ማየትም ያው ዞሮ ማየት ነው ብሎ ይሆናል።

የማየው ይህን ነበር። ብዙ ባዶ ወንበር። ሙቀት ፍለጋ የሚመጣና እያሳለ የሚተኛ አንድ ሽማግሌ። ወንበርና ጠረጴዛ ሊገዙ መጥተው ተራቸው እስኪደርስ የሚያንሾካሹኩ ሁለት ሴቶች። ገዢ ያጣ ትልቅ ቁም ሣጥን። በመጨረሻ በሩ አጠገብ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ሻይ የምትሸጥ ሴት፤ «የሻይዋ እትዬ» እላታለሁ፤ ቢጫ ሻሽ ታስራለች። ዓይናችን ሲገጣጠም ሻሿን በጣቷ ነካ ታደርጋለች። እኔም ጸጉሬን ነካ አድርጌ እመልስላታለሁ። የሰላምታችን ዓይነት ነው ብዬ ነበር፤ ከትልቅ ሰው ጋር የያዝኩት የመጀመሪያ ወዳጅነት።

ሻሿን የምትነካው አባቴ ሲጫረት ብቻ መሆኑን አስተውያለሁ። የኔ አባት ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

«ከኋላ!» ይላል ጉሮሮ፣ በራሳችን ላይ አሻግሮ እያየ። አባቴ እርሳሱን ያነሣል። «ከፊት!» ይላል ጉሮሮ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ከኋላ!»። የአባቴ ቀኝ እጅ በእጄ ውስጥ ላብ በላብ ይሆናል።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ስለ ሰውየው ያወራልኛል። ሸበቶ ነው ይላል፤ ሳሉን ሰምቶታል። ሀብታም ነው፤ ግን አይቸኩልም። ዕቃ ያውቃል። «አላዋቂ ቢሆን እኮ ለዚህ ለዚህ እንዲህ አይከፍልም ነበር» ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ አላየሁም። ነገር ግን አባቴ በሺህኛ የሚለካ ሰው ነው፤ ዓይኔ ነው የተሳሳተው ብዬ ደመደምኩ። አስቤ አስቤ ሰውየው ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንደሚቀመጥ ደረስኩበት። ሀብታም ስለሆነ መታየት አይወድም። አንድ ቅዳሜ ከብስኩቴ አንዱን በቁም ሣጥኑ እግር ሥር አስቀመጥኩለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብስኩቱ የለም። ከዚያ በኋላ በሰውየው መኖር ተጠራጥሬ አላውቅም።

አከራያችን በጓሮ በኩል የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። በዚያው ዓመት አንድ ቀን ከዘራቸውን ይዘው መጡና መጋረጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ። «ከእናንተ የሚቀርበኝ የለም። ክረምት ሳይገባ ቀብዱን ካመጣችሁልኝ የእናንተ ነው፤ ቀሪውን ቀስ ብላችሁ ትከፍሉኛላችሁ። ካልሆነላችሁ ግን የእህቴ ልጅ ገዢ ይዞልኛል፤ እሱ አይጠብቅም።»

እናቴ ለዚህ ቀን ስታጠራቅም ኖራለች። የጎደላት ጥቂት ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ትርፍ ሰዓት ብትሠራ ይሞላል። አሮጊቷ ሲወጡ እናቴ ተነሥታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «እዚህ ጋ መስኮት እናወጣለን» አለችኝ። ከዚያ በፊት ስለወደፊት ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አምስተኛው ሳንቲም ለጨረታ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ እህል መቅመስ ተወ።

«ስምንቱ ስምንት ሳንቲም ነው» አላት። «ዘጠኙ ግን ቤት ነው። ቀብድ አይደለም የምልሽ፤ ሙሉ ቤት።»

«ቤት ማለት ጣራ ያለው ነው።»

«ባለጓንቱ ራሱ ነው የነገረኝ። በዚህ ከተማ ዘጠኙን አንድ ላይ የያዘ ሰው የለም።»

«እሱ ባለጓንቱ የነገረህን ሁሉ…»

«ሰውየውስ? ከኋላ ያለው? እሱ ያለ ነገር እንደዚያ ይከታተለኛል? ዘጠኙን ይፈልጋል። የምንገዛውን እኮ ለሱ ነው የምንሸጠው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች እናቴ። ተረቱን አልጨረሰችውም። እግሯ ውሃው ውስጥ ነበር።

«ለሁለት ሳምንት ብቻ ስጪኝ። በእጅሽ ቆጥሬ አስረክብሻለሁ።»

በማግስቱ ገንዘቡን ከባንክ አውጥታ ሰጠችው። አሳመናት ብዬ ደስ አለኝ። ትልቅ ሆኜ ስጠይቃት ግን፣ «አላመንኩትም» አለችኝ። «እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል ልጄ። ያን ሳምንት አልነበረኝም።»

ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር። አዳራሹ ከወትሮው ሞላ ያለ ቢሆንም ሰዉ የመጣው ለመጠለል ነው። የበሽተኛው ሳንቲም በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሆኖ ሲመጣ አባቴ እርሳሱን አዘጋጀ። ባለጓንቱ ጀመረ፤ አባቴ ተከተለው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱና ባለጓንቱ ጓንቱን አወለቀ። አልቆ ነበር። አባቴ በዚያ ዋጋ ይዞት ቢሄድ ኖሮ የቀብዱ ገንዘብ እንኳ ብዙም አይነካም ነበር።

«ከኋላ!» አለ ጉሮሮ።

አባቴ እርሳሱን አነሣ። ከኋላ። ከፊት። ከኋላ። ቁጥሩ እኔ ትምህርት ቤት ከተማርኩት አለፈ። ሰዎች ማንሾካሾካቸውን ተዉ። ወደ ሻይዋ እትዬ ዞሬ አየሁ፤ ሻሿን ነካች፤ ጸጉሬን ነካሁላት። አልሳቀችልኝም። እንደገና ነካች። አባቴን ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ አንገቱ ግን እንደቀና ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

እንደገና ወደ ኋላ ሳይ የሻይዋ እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች በሙሉ በሁለት ትሪ ደርድራ ሁለቱንም በሁለት እጇ አንሥታ ቆማለች። የትም አትሄድም፤ ዝም ብላ ቆማለች። ጉሮሮ አሻግሮ አያት። ቆየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። እሷ ዓይኗን ወደ ብርጭቆዎቹ ጣለች። ከባድ ነው፣ ለምን አታስቀምጠውም ብዬ አሰብኩ።

«አንደኛ!» አለ ጉሮሮ በንዴት። «ሁለተኛ! ሦስተኛ!» መዶሻው ወረደ።

አባቴ ወደ ቤት ሲሄድ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። የብስኩት ፓኬት ሙሉውን ገዛልኝ። «ለቀቀልኝ! አየሽ ማሚቱ፣ መጨረሻ ላይ ለቀቀልኝ። እንደዚያ ዓይነት ሰው በገንዘብ አይሸነፍም፤ ጨዋ ስለሆነ ነው።» ሰውየውን ወደደው ማለት ነው። ቤት ስንገባ እናቴ ስንት እንደተከፈለ አልጠየቀችም። ፊቱን አይታ ባልዲውን ወደሚያፈሰው ቦታ አስጠጋች።

ዘጠኙ ለጨረታ የወጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ባለጓንቱ ከዚያ በፊት ሱቃችን ድረስ መጥቶ ደህና ዋጋ ሰጥቶ ነበር። ቀብዱን ይከፍላል፤ ትንሽም ይተርፋል። አባቴ ሳቀበት። «ለአንዱ ያን ያህል የጠራ ሰው ለዘጠኙ ስንት ሊል ነው?» አለን፣ ባለጓንቱ ሲወጣ። እናቴ፣ «ስጠው፣ በእናትህ ስጠው» አለችው። አልሰማትም። ጉሮሮም፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል መነሻ ዋጋ ይቀመጥለት ወይ ብሎ ሲጠይቀው እምቢ አለ። መነሻ ዋጋ የሚያስቀምጥ የፈራ ሰው ነዋ።

እናቴ ያን ቀን ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ አንጓዋ ድረስ ስባ፣ በእኔና በአባቴ መካከል ተቀመጠች። አሮጊቷ የሰጡን ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። እኔ እንደ ልማዴ ተንበረከክሁ።

ባለጓንቱ ዝቅተኛ ዋጋ ጠራ፤ ሱቃችን መጥቶ ከሰጠው እጅግ ያነሰ። ጉሮሮ ግራ ቀኙን አየ። ማንም አልተነፈሰም።

«አሁን ይገባል» አለ አባቴ ለእናቴ በሹክሹክታ።

የሻይዋ እትዬ ብርጭቆ ታጥባለች። ጸጉሬን ነካሁላት። አየችኝና ወዲያው ፊቷን አዞረች።

«አንደኛ!»

«ብልጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። አውቀዋለሁ።»

«ሁለተኛ!»

አባቴ እርሳሱን አነሣ።

ጉሮሮ መዶሻውን በአየር ላይ ይዞ ቀረ። እናቴ፣ «ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ልቀስቅሰው ነው» አለ አባቴ። «ተኝቷል፤ ልቀስቅሰው።»

ባለቤቱ በራሱ ዕቃ ላይ እንዳይጫረት የሚከለክል ነገር በአዳራሹ አልነበረም፤ አዳራሹ ከሻጭም ከገዢም ድርሻውን እስካገኘ ድረስ ግድ የለውም። «ከፊት!» አለ ጉሮሮ። ባለጓንቱ ገርሞት አንድ ጊዜ ጨመረ። አባቴ ጨመረ። ባለጓንቱ ደግሞ ጨመረ። አባቴ ጨመረ፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ ኋላ አቅንቶ ጠበቀ። የተሰማው የሽማግሌው ሳልና የብርጭቆ ድምፅ ነው። ባለጓንቱ ጓንቱን አወለቀ። ሁለቱንም።

መዶሻው ወረደ።

«አባዬ አሸነፈ!» ብዬ አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ የሚያጨበጭብ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ሁለቱን እጆቼን በአንድ እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻቸው፤ ሳትቆጣኝ፣ ሳታየኝ፣ እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀቻቸውም። አባቴ ያኔም አልዞረም። ተነሣ፣ ወደ ጎን ባለው በር ወጣ፣ ሳጥኑን ተረከበ፣ የራሱን ሳንቲም የራሱ ለማድረግ የአዳራሹን ድርሻ ከሁለት ወገን ከፈለ። የቀረችን ገንዘብ እዚያው አለቀች።

የቀረው አጭር ነው። ባለጓንቱ ዘጠኙን ሳንቲም በየወሩ አንድ አንድ እያለ፣ በወደደው ዋጋ ከእኛ ገዛ። ክረምት ሲገባ ሚዛኖቹን በጋሪ ጭነን ወደ አንድ ክፍል ቤት ሄድን፤ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። በየቤቱ አባቴ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ «ሰውየው ያን ዕለት አልመጣም። አሞት ይሆናል።» እናቴ፣ «ሳይሆን አይቀርም» ትለዋለች። ሳንቲም መግዛት ግን አቆመ። ሰው ሲጠይቀው፣ «ሰውየው ካልመጣ ምን ጨዋታ አለው?» ይላል።

እናቴ እውነቱን ያወቀችው ቤት ከለቀቅን በኋላ ነው። የአዳራሹ አረንጓዴ ጨርቆች የሚታጠቡት እሷ በምትሠራበት ላውንደሪ ነበር፤ የምታመጣቸው የሻይዋ እትዬ ናት። አንድ ቀን የእናቴን ፊት አወቀችው። ባንኮኒው ላይ ጨርቆቹን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ጉሮሮ የራሱ ዕቃ ለሽያጭ ሲወጣ ሻሽሽን ንኪ ይላታል፤ ትነካለች። ካልነካች ነገ ሻይ የምትሸጥበት በር የለም። አምስተኛው ሳንቲም የጉሮሮ የራሱ ነበር። «ያን ዕለት እጄን ላሳጣው ብዬ ትሪ አነሣሁ» አለች። «ሁለት ትሪ። ሌላ ምን ላድርግ እትዬ?» ዘጠኙ ሲሸጡ ደግሞ ዕቃው የሌላ ሰው ስለሆነ ማንም አላዘዛትም። ከኋላ ሰው አልነበረም። ቀድሞም ኖሮ አያውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ይህን ነገር ከዓመታት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰማ አባቴ አልሰማም። እናቴ ለእኔ የነገረችኝ የመጀመሪያ ደሞዜን ያመጣሁ ቀን ነው። በጣም ተናደድኩባት።

«ለምን አልነገርሽውም? ዕድሜ ልኩን ያንን ሰውዬ ሲያነሣ እየሰማሽ?»

«በሰው ተሸነፍኩ ብሎ ነው የሚኖረው» አለችኝ። «በሻሽ ተሸነፍክ ልበለው?»

አባቴ ባለፈው ዓመት ታመመ። የመጨረሻው ሕመሙ እንደሆነ እሱም እኛም አውቀናል። እኔ የምከራየው ቤት ውስጥ፣ በሳሎኑ መስኮት አጠገብ አስተኝተነው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ትራሱን ታስተካክልለታለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አንቺ፣» አላት፣ «ያ ሰውዬ እስካሁን በሕይወት ይኖር ይሆን?»

የትኛው ሰውዬ አላለችውም። ትራሱን ከራሱ ሥር መለሰችለት።

«ሞተ እኮ» አለችው። «አልነገርኩህም?»

አባቴ ጭንቅላቱን ሊያነሣ ሞከረ። «መቼ?»

«ዓምና።»

«ነፍስ ይማር» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጨዋ ሰው ነበር። ለቅሶ ደረስሽ?»

«እንዴት እቀራለሁ!»

እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ። አንድ ቃል ብተነፍስ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አባቴ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ እንደ ልጅ እያፈረ ጠየቃት።

«ቤቱስ? ትልቅ ነው?»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክንዱን በዚያ ጠባሳ በሞላው ክንዷ አቀፈችው።

«የምን ቤት» አለችው። «ኪራይ ቤት ነው የሞተው።»

«እሱም?»

«እሱም።»